ወጣቱን መንግሥት መጠበቅ፦ በጅማ ስለምንጫወተው የሚና ጨዋታ ዘመቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጅማ ከተማ ተሰብስበን ይህን ዘመቻ መጫወት ከጀመርን ወዲህ፣ ለመቀላቀል የሚፈልጉ ወጣቶች፣ ልጆቻቸው የት እንደሚውሉ ማወቅ የሚሹ ወላጆች እንዲሁም ጨዋታውን በየሰፈራቸው ለመጀመር ያሰቡ ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ያቀርቡልናል። መልሶቹን የጻፍኩት የዘመቻው አጫዋች እኔ ነኝ። አንዳንዱን ጥያቄ በአጭሩ አልፌዋለሁ፤ ብዙ ያሰብኩበትን ግን በሰፊው አብራርቻለሁ።

የሚና ጨዋታ ምንድን ነው?

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድን ልብ ወለድ ሰው ሚና ይዘው፣ ታሪክን በንግግር የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ከመካከላቸው አንዱ አጫዋች ይሆናል። አጫዋቹ ዓለሙን ይገልጻል፤ ከተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያት በቀር በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ወክሎ ይናገራል፤ ሕጉንም ይዳኛል። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያቸው ምን እንደሚያደርግ ይወስናሉ፤ ድርጊቱ መሳካቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይወረወራል። እንደ ገበጣ ወይም እንደ ዳማ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። ለእኛ ሀገር ሰው ከተረት ጋር ሲነጻጸር ቶሎ የሚገባ ይመስለኛል፦ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው አድማጭ፣ በዚህ ጨዋታ ተነሥቶ ጅቡ ከመድረሱ በፊት በረቱን እንዲዘጋ፣ ካስፈለገም ከጅቡ ጋር እንዲደራደር ይፈቀድለታል።

በዚህ መልክ ታትሞ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። የተወለደው በጠረጴዛ ላይ ሠራዊት እያሰለፉ ከሚጫወቱት የጦር ሜዳ ጨዋታዎች ሲሆን፣ አዲስ ያደረገው ነገር ተጫዋቹ በሠራዊቱ ፋንታ አንድን ሰው ይዞ እንዲሄድ ማድረጉ ነው።

ዘመቻ የምንለው ደግሞ በአንድ ቀን የማያልቀውን፣ ተመሳሳይ ገጸ ባሕርያት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚያልፉበትን ተከታታይ ታሪክ ነው። ተጫዋቾቹን «ጀብደኞች» ብለን ለመጥራት ሞክረን ነበር፤ ይሁን እንጂ ቃሉ በአማርኛ ሳያስብ አደጋ ውስጥ የሚገባን ሰው ስለሚያስታውስ ትተነው «ዘማቾች» የሚለውን መርጠናል። ዘማች የሚወጣው ከኋላው የሚጠብቀው ነገር ስላለው ነው፤ የእኛም ታሪክ ስለዚያ ነው።

የዘመቻው ታሪክ ምን ይመስላል?

በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ደጋማ ምድር ላይ የቆመ መንግሥት አለ። ከተመሠረተ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መሥራቹ አምስት ባላባቶችን በቃል ኪዳን አስተሳስሮ ነገሠ፤ በስምንተኛው ዓመት ሞተ፤ አሁን በዙፋኑ ላይ ያለችው የ19 ዓመት ልጁ ናት። ባላባቶቹ የማሉት ለአባቷ እንጂ ለእርሷ አይደለም። በሰሜን በኩል ያለው አሮጌና ሰፊ መንግሥት ግብር ይጠይቃል። በደቡብ ያለው ደን ደግሞ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩ ፍጡራን መኖሪያ ነው። መሥራቹ ንጉሥ ለእርሻ ብሎ ያስደረቀው ረግረግ ሥር ተኝቶ የነበረ አንድ ፍጡርም እየነቃ ነው። ለዚህ ፍጡር መነሻ የሆነኝ የቦዬ ረግረግ ነው፤ አመሻሽ ላይ ጉማሬ ከውኃው ሲወጣ ያየ የጅማ ልጅ ሁሉ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

የመንግሥቱን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ አዲስ ቡድን በመጀመሪያው ቀን ስሙን ራሱ ያወጣለታል። ስም ያወጡለትን ነገር ለማዳን ሰዎች የበለጠ እንደሚጨነቁ በተደጋጋሚ ተመልክቻለሁ።

ለምን ወጣት መንግሥት ተመረጠ? የጥንት ግንብ፣ የታላቅ ንጉሠ ነገሥት ታሪክ አይሻልም ነበር?

ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። አሮጌ መንግሥት ተጫዋቹን አይፈልገውም። ሕጉ ተጽፏል፣ ዳኛው ተሹሟል፣ መንገዱ ተጠርጓል፤ ዘማቹ የሚቀረው ሥራ ጭራቅ መግደል ብቻ ነው። ወጣት መንግሥት ግን ገና ሰዎች «አለ» ብለው ያላመኑት ነገር ነው። ገበሬው ግብሩን ለማን እንደሚከፍል እርግጠኛ አይደለም፤ ነጋዴው በዚህ መንገድ ባልፍ እዘረፋለሁ ወይስ እጠበቃለሁ ብሎ ያመነታል፤ ጎረቤቱ ንጉሥ ደብዳቤ ሲልክ ለንግሥቲቱ ይላክ ወይስ ለባላባቶቹ ብሎ ያስባል። ስለዚህ በጨዋታው ውስጥ ሦስት ዘማቾች ለአንዲት መበለት የገቡትን ቃል መጠበቃቸው ወይም ማፍረሳቸው መንግሥቱን ከአንድ ጦርነት ያላነሰ ሊያቆመው ወይም ሊጥለው ይችላል።

ይህን ሐሳብ የወሰድኩት ከሩቅ አይደለም፤ የምንጫወትበት ከተማ ራሱ አስተምሮኛል። በግቤ አካባቢ ከነበሩት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት፣ ማለትም ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ መካከል የጅማ መንግሥት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ በአባ ጅፋር አንደኛ ዘመን ሲሆን፣ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቷል። እነዚህ መንግሥታት ዳር ድንበራቸውን የጠበቁት በጦር ብቻ አልነበረም። በድንበሩ ላይ ሆን ተብሎ የማይታረስና ሰው የማይሰፍርበት «ሞጋ» የሚባል መሬት ይተዉ ነበር። ወደ ውስጥ የሚያስገቡት መንገዶች ደግሞ ኬላ ነበራቸው፤ በኬላው ላይ የቆሙት ጠባቂዎች ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚያልፍ ይቆጣጠሩ ነበር። ገበያው ሂርማታ ላይ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን በጅሬን ኮረብታ ላይ። ገበያውንና ኬላውን የያዘ ንጉሥ መንግሥቱን ይዟል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የግብሩ ጉዳይ ነው። አባ ጅፋር ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1878 ነገሡ። ጎረቤት የነበሩ መንግሥታት በጦር ሲወድቁ፣ ካፋም እ.ኤ.አ. በ1897 ስትያዝ፣ እርሳቸው ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ፤ ጅማም እስከ እርሳቸው ሞት ዓመት፣ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህን መብቷን ይዛ ቆየች። ይህ ጥበብ ነበር ወይስ መገዛት? በእኛ ገበታ ላይ ይህ ጥያቄ በልብ ወለድ መልክ ሲመጣ፣ ማለትም የሰሜኑ መልእክተኛ ግብሩን ሲጠይቅ፣ ተጫዋቾች ለሁለት ቅዳሜ ተከራክረዋል። ከማንኛውም የሰይፍ ፍልሚያ ይልቅ እነዚያን ሁለት ቅዳሜዎች አስታውሳለሁ።

እንግዲያው ታሪኩ የጅማ ታሪክ ነው?

አይደለም። ዓለሙ ልብ ወለድ ነው፤ ፍጡራኑም፣ ንግሥቲቱም፣ ባላባቶቹም የተፈጠሩ ናቸው። አባ ጅፋርን ወይም ሌላ የታሪክ ሰው ገጸ ባሕርይ አድርገን አንጫወትም፤ ዘራቸው፣ መታሰቢያቸው፣ የሚወዷቸው ሰዎች በከተማችን አሉና ያልተናገሩትን በአፋቸው ማስገባት ተገቢ አይመስለኝም። ከታሪክ የምንወስደው አሠራርን ነው። ለአዲስ ተጫዋቾች ግን ከመጀመራቸው በፊት ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንዲጎበኙ አጥብቄ እመክራለሁ። ከኮረብታው ላይ ቆሞ ወደ ከተማው ቁልቁል ያየ ሰው፣ ንጉሥ ቤቱን ለምን ከገበያው ርቆ፣ ነገር ግን ገበያውን እያየ እንደሚሠራ ሳይነገረው ይረዳል።

መጽሐፍ መግዛት ያስፈልጋል? እንግሊዝኛ የማይችል ሰውስ?

መግዛት አያስፈልግም። የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም መሠረታዊ ሕጎች እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቀዋል፤ ይኸውም ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ሊያባዛቸው፣ ሊተረጉማቸውና ሊያሻሽላቸው ይችላል ማለት ነው። እኛም የሚያስፈልገንን ያህል ወደ አማርኛ መልሰን በጥቂት ወረቀቶች ላይ ጽፈናል።

ትርጉሙ ቀላል አልነበረም። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስድስት ባሕርያት አሉት፤ እነዚህን ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ሞገስ ብለናቸዋል። በመጨረሻው ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ «ግርማ» የሚሉ ነበሩ። ሆኖም ግርማ ያለው ሰው ይፈራል፣ ሞገስ ያለው ይወደዳል፤ በጨዋታው ውስጥ ሰውን ለማሳመን የሚያገለግለው ባሕርይ ደግሞ ሁለተኛው ነው። ገጸ ባሕርዩ እየበረታ ሲሄድ የሚወጣውን ደረጃ «ማዕረግ» እንለዋለን፤ ከ1 ጀምሮ እስከ 20 ይደርሳል። አንድ ዘማች ሦስተኛ ማዕረግ ላይ ሲደርስ ጓደኞቹ የፈረስ ስም ያወጡለታል፤ ይህን እኛ ጨምረናል። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ መላ የሚሉት ስሞች በሀገራችን ምን ያህል ክብደት እንደነበራቸው፣ «አባ ጅፋር» ራሱም የፈረስ ስም እንደሆነ ያስታወሰ ሰው ለምን እንደጨመርነው ይገባዋል። ስሙን ተጫዋቹ ለራሱ ማውጣት አይችልም።

ዳይሱ እንዴት ይሠራል? ባይኖረንስ?

ዋናው ዳይስ 20 ገጽ አለው። ተጫዋቹ ይወረውርና ከባሕርዩ የሚያገኘውን ጭማሪ ይደምራል፤ ድምሩ አጫዋቹ ካስቀመጠው ቁጥር ጋር ከተስተካከለ ወይም ከበለጠ ድርጊቱ ተሳክቷል። ለምሳሌ በሌሊት ያለ ድምፅ ኬላ ለማለፍ 15 ያስፈልጋል እንበል። ምንም ጭማሪ የሌለው ሰው ከ20ዎቹ ገጾች የሚረዱት ስድስቱ ብቻ ናቸው፤ ዕድሉ 30 በመቶ ነው። የ3 ጭማሪ ያለው ቀልጣፋ ሰው ዕድሉ ወደ 45 በመቶ ያድጋል። ነገር ግን ጠባቂው ከጓደኛው ጋር ሲጨዋወት ጠብቆ የተነሣ ከሆነ ሁለት ዳይስ ወርውሮ የተሻለውን እንዲይዝ እፈቅድለታለሁ፤ ያን ጊዜ ዕድሉ ወደ 70 በመቶ ይጠጋል። ይህን ለተጫዋቾች አስቀድሜ የምነግራቸው በዳይሱ ዕድል ብቻ ከመታመን ይልቅ ሁኔታውን ማመቻቸት ምን ያህል እንደሚጠቅም ቁጥሩ ራሱ ስለሚያሳይ ነው።

ባለ 20 ገጽ ዳይስ በጅማ ሱቆች እንደ ልብ አይገኝም። በስልክ ላይ የሚሠሩ ነጻ መተግበሪያዎች አሉ፤ መብራት ሲጠፋና የስልክ ባትሪ ሲያልቅ ግን አያገለግሉም። እኛ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ትናንሽ ወረቀቶች አጣጥፈን በሙዳይ ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ተጫዋቹ ሳያይ አንድ ያወጣል፣ ያነብባል፣ አጣጥፎ ይመልሳል፣ ሙዳዩንም ይነቀንቃል። መመለሱን መርሳት የለበትም፤ ካልተመለሰ የቀጣዩ ሰው ዕድል ይለወጣል። ወረቀቶቹ እኩል ተቆርጠው እኩል መታጠፍ አለባቸው፤ የወፈረው ወረቀት በእጅ ይታወቃል።

«የመንግሥት ወረቀት» የምትሉት ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ገጸ ባሕርይ የሚመዘግብበት ወረቀት አለው። ከእነዚህ ሌላ በገበታው መካከል የሁሉም የሆነ አንድ ወረቀት ይቀመጣል፤ በእርሱ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ፦ ጎተራ፣ ኬላ፣ ገበያ እና አመኔታ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 6 ሊሆን ይችላል፤ ዘመቻው ሲጀምር ሁሉም 2 ናቸው። ይህ ከመደበኛው ሕግ የወጣ፣ ለዚህ ዘመቻ ብለን የሠራነው ሥርዓት ነው፤ ሌሎች ቡድኖች ወስደው ቢያሻሽሉት ደስ ይለኛል።

በየሦስት ቅዳሜው በጨዋታው ዓለም አንድ ወቅት ይለወጣል። በዚያን ጊዜ ተጫዋቾቹ ባደረጉት ነገር አንዱን ቁጥር በአንድ ከፍ ያደርጋሉ፤ የትኛውን እንደሆነ ተመካክረው ይወስናሉ፣ ምክንያቱንም ከታሪኩ ያስረዳሉ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይወረወራል፤ 1 የወጣበት ቁጥር በአንድ ይቀንሳል። አራቱም ሳይቀንሱ የማለፋቸው ዕድል 48 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ጠላት ባይመጣ እንኳ ከግማሽ በሚበልጡት ወቅቶች አንድ ነገር ይላላል፤ ጠባቂ ይሰለቻል፣ እህል ይነቅዛል፣ ወሬ ይነዛል። ተጫዋቾች መንግሥትን መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚረዱት እዚህ ላይ ነው።

ከቁጥሮቹ አንዱ 0 ሲደርስ መንግሥቱ ወዲያው አይፈርስም፤ ቀውስ ይከፈታል። ጎተራው ባዶ ከሆነ ሕዝቡ መበተን ይጀምራል። ኬላው 0 ከሆነ ማንም ሳይጠየቅ ይገባል። ገበያው ከሞተ ነጋዴዎች ሌላ መንገድ ይይዛሉ፤ አንድ ጊዜ መንገድ የለወጠ ነጋዴን መመለስ ደግሞ ከባድ ነው። አመኔታው ካለቀ ከአምስቱ ባላባቶች አንዱ ቃሉን ሊያነሣ ይችላል።

ክረምት የራሱ ሕግ አለው። ወንዞች ስለሚሞሉ ትልቅ ጦር አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ክረምት ለወጣቱ መንግሥት እረፍት ነው። ነገር ግን ጎተራው ያለ ዳይስ በአንድ ይቀንሳል፤ መልእክተኛም አይደርስም። በበጋም ቢሆን ርቀት ከባድ ነገር መሆኑን ተጫዋቾች እንዲሰማቸው እፈልጋለሁ። የተጫነ የበቅሎ ጉዞ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ብለን እናስላ፤ ከጅማ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በዚህ ፍጥነት 17 ወይም 18 ቀን ይፈጃል። ግብር ይዞ የሄደ መልእክተኛ መልሱን ይዞ ሲመለስ ከአንድ ወር በላይ አልፏል፤ ንግሥቲቱ ጥያቄውን ያቀረበችበት ሁኔታም ተለውጧል። የስልክ ዘመን ልጆች ይህን መጀመሪያ ላይ ይረሱታል፤ ከሁለትና ከሦስት ስሕተት በኋላ ግን ደብዳቤ ሲጽፉ «ይህ ሲደርስ ምን ተፈጥሮ ይሆናል?» ብለው ማሰብ ይጀምራሉ።

አስማት አለበት ይባላል፤ ከሃይማኖታችን ጋር አይጋጭም? ዳይሱስ ቁማር አይደለም?

ይህን የሚጠይቁ ወላጆችን ከልብ አከብራለሁ፤ ጥያቄያቸውንም ለማቃለል አልሞክርም። በጨዋታው ውስጥ ያለው አስማት በወረቀት ላይ የተጻፈ ችሎታ ነው። «በቀን ሁለት ጊዜ ጨለማ ቦታን ማብራት ይችላል» የሚል መስመር ነው እንጂ የሚደገም ቃል፣ የሚታሰር ነገር፣ የሚጠራ መንፈስ የለውም። የእውነተኛ ሃይማኖት ስሞችን፣ ነቢያትን፣ መላእክትንና ቅዱሳንን በጨዋታው አንጠቅስም፤ ዛርና መተትም አናስገባም። ጥበቡን የሚጠቀመውን ገጸ ባሕርይ «ጠቢብ» እንለዋለን። እንዲያም ሆኖ አስማት የሚባል ነገር ጨርሶ የማይፈልግ ተጫዋች ቢመጣ ተዋጊ፣ አሳሽ ወይም መልእክተኛ ሆኖ መጫወት ይችላል፤ ማንም አይጫነውም።

ገንዘብም ሆነ ሌላ የሚያዝ ነገር ስለሌለ ቁማር አይደለም። ቢሆንም ዳይስን በሕሊናቸው የማይቀበሉ ተጫዋቾች አሉን፤ ለእነርሱ የሙዳዩ ወረቀት አለ። ወረቀቱንም ማውጣት የማይፈልግ ካለ አጫዋቹ ያወጣለታል። ወላጆች መጥተው አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቁጭ ብለው እንዲያዩ ሁልጊዜ እንጋብዛለን፤ የመጡ እናቶች ደግሞ ስለ ጎተራው ከተጫዋቾቹ የተሻለ ምክር ሰጥተው ያውቃሉ።

በምን ቋንቋ ነው የምትጫወቱት?

ሕጉን በአማርኛ ጽፈነዋል፤ ገበታው ላይ ግን አማርኛና አፋን ኦሮሞ እንደ ከተማው ሁሉ ይቀላቀላሉ። ማንም በሚቀናው ቋንቋ ይናገራል፤ ያልገባው ካለ ጓደኛው ያስረዳዋል።

የአማርኛ አነጋገር ለጨዋታው የሚሰጠው አንድ ሀብት አለ፤ ይኸውም የአክብሮት አጠራሩ ነው። በእኛ ዘመቻ አንድ ዘማች ባላባቱን «እርስዎ» ሲለው ቆይቶ በሸንጎ መካከል «አንተ» ቢለው፣ ይህ እንደ ሰይፍ መምዘዝ ያለ ድርጊት ተደርጎ ይቆጠራል። አምስቱ ባላባቶች ወጣቷን ንግሥት በዘመቻው መጀመሪያ ላይ «አንቺ» ይሏታል፤ ልጅ ሆና ያውቋታልና። ከመካከላቸው አንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» ባላት ቀን አመኔታ በአንድ ከፍ ይላል። ተጫዋቾቹ ይህን አስቀድመው አያውቁም ነበር፤ በአንድ ቅዳሜ ያ ሲሆን ገበታው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። በድርድር ጊዜም ሰምና ወርቅ ያለው ንግግር የተናገረ መልእክተኛ፣ ሰሙ ለሸንጎው ወርቁ ለንግሥቲቱ እንዲደርስ ካደረገ፣ ሁለት ዳይስ ወርውሮ የተሻለውን ይይዛል።

ጠላቶቹ እነማን ናቸው?

የሰሜኑ መንግሥት፣ የራሳቸው ጥቅም ያላቸው ባላባቶች፣ ከረግረጉ የሚነሣው ፍጡር፣ አንዳንድ ጊዜም ረኃብ። ሁለት ነገሮችን ግን ፈጽሞ አንፈቅድም። የመጀመሪያው፣ የትኛውም የጠላት ወገን በሀገራችን ያለን ብሔር፣ ቋንቋ ወይም እምነት እንዲመስል ተደርጎ አይሳልም፤ ዘዬውን ማስመሰልም ክልክል ነው። ሁለተኛው፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ወይም ቆዳ ፋቂውን «ቡዳ» አድርጎ ማቅረብ የለም። ይህ አመለካከት በእውነተኛው ሕይወት ስንት ባለ ሙያዎችን እንዳገለለ እናውቃለን፤ በልብ ወለድ ዓለማችን ብረት ቀጥቃጯ ኬላው የቆመበትን ማጠፊያ የሠራች የተከበረች ሴት ናት።

ገጸ ባሕርዬ ሊሞት ይችላል?

አዎን፣ ይሞታል። በሚሞትበት ጊዜ ፍልሚያው ወዲያው አይቀጥልም፤ ተጫዋቹ ከፈለገ የመጨረሻ ቃሉን ይናገራል። በቀጣዩ ቅዳሜ መጀመሪያ ላይ የሐዘን ቦታ እንሠራለን፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ስለ ሟቹ በየተራ ይናገራሉ፣ የፈረስ ስም ካለው በዚያ ስም ይጠሩታል። ወጣት መንግሥት የሚያስታውሳቸው ሙታን ሲኖሩት ነው ታሪክ የሚጀምረው ብዬ ስለማምን ይህን አላሳጥረውም።

መቼ ነው የምትጫወቱት? ምን ይዤ ልምጣ?

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት። ለዐስር ሶላት እናቋርጣለን፤ ከመግሪብ በፊት እንጨርሳለን። በረመዳን ወር እናቆማለን። የሚቀርበው ቆሎና ዳቦ ስለሆነ ለጿሚም ይሆናል፤ ቡናውም እስከ በረካ ይፈላል። እርሳስና ላጲስ ይዘው ይምጡ። በአንድ ገበታ ከአጫዋቹ ሌላ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ዝምተኞቹ ተራ አያገኙም።

እኔም አጫዋች መሆን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ከመጨረሻው አይጀምሩ። እኔ የመጀመሪያውን ዘመቻዬን ስመራ ንግሥቲቱ እንዴት እንደምታሸንፍ አስቀድሜ ጽፌ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ሌላ መንገድ በመረጡ ቁጥር ወደ ጻፍኩት እመልሳቸው ነበር። በአምስተኛው ሳምንት አንዲት ተጫዋች «እኛ ብንመጣም ባንመጣም ታሪኩ ያው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ዘመቻውም በዚያው ተበተነ።

አሁን የማዘጋጀው ሁኔታን ነው። ማን ምን ይፈልጋል? ማንም ካልከለከለው በሚቀጥለው ወቅት ምን ያደርጋል? እነዚህን ለአምስቱ ባላባቶች፣ ለሰሜኑ መልእክተኛና ለረግረጉ ፍጡር በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ሌላው ከተጫዋቾቹ ይመጣል። ካርታውን ሰፊ አያድርጉት፤ አንድ ኮረብታ፣ አንድ ገበያ፣ ሁለት ወንዝና ሦስት ኬላ ለአንድ ዓመት ጨዋታ ይበቃል። የሰዎችን ስም ግን አስቀድመው በብዛት ይጻፉ፤ ተጫዋቾች የኬላ ጠባቂውን ስሙን መጠየቃቸው አይቀርም፣ አጫዋቹ ሲያመነታ ካዩ ደግሞ ጠባቂው ሰው መሆኑ ይቀራል። ሕጉን ሁሉ በቃል ማወቅ አያስፈልግም። ግራ የገባዎት ጊዜ ለተጫዋቹ የሚጠቅመውን ፈርደው ይለፉ፤ ትክክለኛውን ከጨዋታው በኋላ ተመልክተው በሚቀጥለው ቅዳሜ ያሳውቁ።

ዘመቻው ተጀምሯል፤ አሁን መቀላቀል እችላለሁ?

ይችላሉ። ያለፈውን ታሪክ ማጥናት አይጠበቅብዎትም፤ ገጸ ባሕርይዎም ስለ መንግሥቱ ከወሬ በቀር የሚያውቀው ላይኖር ይችላል። አዲስ ተጫዋች ሁሉ የሚገባው በአንድ መንገድ ነው። ሞጋውን አቋርጦ፣ አመሻሹ ላይ፣ ኬላው ሊዘጋ ሲል ይደርሳል። በር ላይ የሚቆመው ጠባቂ አጫዋቹ ሳይሆን ከነባር ተጫዋቾች አንዱ ነው። ጠባቂው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ስምህ ማን ነው፣ ከማን ወገን መጣህ፣ ምን ይዘህልን መጣህ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በቤትዎ አስበው መምጣት ይችላሉ። ሦስተኛውን ግን በሩ ላይ ቆመው፣ የመንግሥቱን ወረቀት አይተው፣ ከአራቱ ቁጥሮች የትኛው እንደጎደለ ካወቁ በኋላ ይመልሱ።